ዘር የሚለግስ ሰው ለምን ስድስት ወር ይጠበቃል?

አንባቢ ሆይ፤ ጤነኛን ሰው ከበሽተኛ የሚለዩት በምንድን ነው? ምናልባት «ፊቱ የወዛ፥ ዓይኑ የጠራ፥ እርምጃው የፈጠነ፥ የቀረበለትን ምግብ የሚበላ ሰው ጤነኛ ነው» ብለው ይመልሱ ይሆናል። ይህ መልስ ለብዙ ጉዳይ ይበቃል። ለእግር ኳስ ቡድን ተጫዋች ለመምረጥ ወይም የመንገድ ጓደኛ ለመፈለግ ከዚህ የበለጠ ምርመራ አያስፈልግም። ከአንድ ሰው አካል የወጣውን ነገር ወደ ሌላ ሰው አካል ለማስገባት በታሰበ ጊዜ ግን ይህ መልስ ፈጽሞ አይበቃም። ሰው በውጭ አምሮ በውስጥ ሌላ ሊሆን ይችላልና፤ «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ስለ አመል ብቻ አይደለም።

ዛሬ ልናስረዳዎ ያሰብነው ስለ ዘር ለጋሾች ምርመራ ነው። በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ባልየው ዘር የሌለው ሲሆን፥ ወይም አንዲት ሴት ያለ ባል ልጅ ለመውለድ ስትፈልግ፥ ከማይታወቅ ሰው የተወሰደ የወንድ ዘር ከዘር ባንክ ተገዝቶ በሐኪም እጅ ወደ ማሕፀን ይገባል። ይህ ሥራ በሃይማኖትና በባህል በኩል ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለእርስዎና ለሃይማኖት አባቶችዎ እንተወዋለን። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ፈልጋ የመጣችው ሴት ከልጁ ጋራ በሽታ ይዛ እንዳትመለስ ምን ይደረጋል? ይህ ጥንቃቄስ በምን ዋጋ ተገኘ? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መልከ መልካሙ ተማሪ

በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ዊልያም ፓንኮስት የሚባል የታወቀ ሐኪም ነበረ፤ የጄፈርሰን ሕክምና ኮሌጅም መምህር ነበረ። አንድ ሀብታም ነጋዴና ሚስቱ ልጅ አጥተው ወደ እርሱ መጡ። ሐኪሙ አስቀድሞ ሴትዮዋን መረመረ፤ ነውር አላገኘባትም። ባልየውን ቢመረምር ግን በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር አልነበረበትም፤ ምክንያቱም በወጣትነቱ የያዘው ጨብጥ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር የሚያስገርም ነው። ሐኪሙ ለምርመራ ነው ብሎ ሴትዮዋን በመድኃኒት አደንዝዞ፥ ከተማሪዎቹ መካከል በመልኩ ከሁሉ የላቀው ነው የተባለው ተማሪ የሰጠውን ዘር ወደ ማሕፀንዋ አስገባ። ሴትዮዋ ወንድ ልጅ ወለደች። ባልየው በኋላ ተነግሮት ተስማማ፤ እርስዋ ግን እንድታውቅ አልተደረገም። ነገሩም በቦታው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ በ1909 ዓ.ም. ለአንድ የሕክምና መጽሔት ጽፎ እስኪገልጠው ድረስ 25 ዓመት ተሰውሮ ኖረ።

ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ይህ ሁሉ በአካልዋ ላይ መደረጉ ራሱን የቻለ በደል ነው። ከዚያም ሌላ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጨብጥን ባክቴሪያ አልበርት ናይሰር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያገኘው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የፊላዴልፊያው ነገር ከመፈጸሙ 5 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ባልየውን ዘር ያሳጣው ጨብጥ እንደ ሆነ እየታሰበ ሳለ፥ ስለ ለጋሹ ተጽፎ የቀረው የመልኩ ማማር ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት በአበው ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሰዎቹም ያሰቡት የልጁን መልክ ነበር። ዘሩ ይዞት ሊመጣ የሚችለውን በሽታ ግን መልክ አይናገርም።

ይህም ልማድ ከአንድ መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ቈየ። በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ዘር ሲያስፈልጋቸው በአቅራቢያቸው የሚገኙትን የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች እየጠሩ፥ ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ ይቀበሉ ነበር። ተማሪው ወጣት ነው፥ የተማረ ነው፥ ሲታይም ጤናማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አይጠየቅም ነበር። ዘሩም ሳይቈይ፥ በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ ይውል ነበር።

ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም

በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ፖልጅ፥ ስሚዝና ፓርክስ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ነገር አገኙ። የዶሮ ዘር ከግሊሰሪን ጋራ ተቀላቅሎ በብርቱ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ፥ በኋላ ሲሞቅ ሕያው ሆኖ እንደሚገኝ አሳዩ። ከ4 ዓመት በኋላ፥ በ1953 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በንጅና ሸርማን የተባሉ ሊቃውንት በዚሁ ዓይነት ከቀዘቀዘ የሰው ዘር ፅንስ መገኘቱን አስታወቁ። ዛሬ የዘር ባንኮች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። በዚህ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይቈያል።

ብዙ ሰው «ይህን ያህል የሚያቀዘቅዝ ነገር በሽታውንም ይገድለዋል» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ዘሩን ከሞት የሚያድነው ዘዴ ከዘሩ ጋራ ያለውንም ጀርም ያድነዋል። የጨብጥ ባክቴሪያ በቀዘቀዘ ዘር ውስጥ በሕይወት ሊቈይ እንደሚችል በ1970ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ቫይረሶችም እንዲሁ ናቸው። የዘር ባንክ ማቀዝቀዣ የመድኃኒት ቤት ሳይሆን ጐተራ ነው፤ ያስገቡትን መልሶ ይሰጣል።

በሲድኒ ከተማ የደረሰው

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ያለ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ዓለም የተረዳው በ1985 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ከአውስትራልያ፥ ከሲድኒ ከተማ የመጣ አንድ ሪፖርት አወጣ። ከአንድ ለጋሽ የተወሰደ የቀዘቀዘ ዘር ለ8 ሴቶች ተሰጥቶ ነበር። ለጋሹ የኤድስ ቫይረስ በደሙ ነበረበት፤ ነገር ግን አንድም የሕመም ምልክት አልታየበትም ነበር። ከ8ቱ ሴቶች 4ቱ በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን 4 ሴቶች ያስቡ። ወደ ሐኪም የሄዱት ልጅ ለማግኘት ነው። የተሰጣቸውም በሐኪም እጅ፥ በንጹሕ መሣሪያ፥ በሆስፒታል ሥርዓት ነው። ያን ጊዜ ለቫይረሱ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። በሐኪሞቹ ላይ ለመፍረድም አንቸኩል፤ ለቫይረሱ የሚሆን የደም ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው በዚያው በ1985 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነበርና፥ ዘሩ በተሰጠበት ጊዜ ለጋሹን የሚመረምሩበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

የሚያሳዝነው ግን ምርመራው ከተገኘም በኋላ ሁሉም ሐኪም ወዲያው አለመጠቀሙ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ በ1988 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት በ1986 እና በ1987 መካከል ባለው የአንድ ዓመት ጊዜ በአገሪቱ 30 ሺህ ያህል ሕፃናት ከለጋሽ ዘር መወለዳቸውን ገምቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ሐኪሞች መካከል ለጋሾቻቸውን ለኤድስ ቫይረስ እናስመረምራለን ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ።

በዚያው በ1988 ዓ.ም. በየካቲት ወር የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋራ ሆኖ አዲስ መመሪያ አወጣ። የለጋሽ ዘር ትኩሱን አይሰጥ፤ ቀዝቅዞ ቢያንስ 6 ወር ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከ6 ወር በኋላ ለጋሹ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ይመርመር፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ዘሩ ይለቀቅ ሲል መከረ። የርእሳችን ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ስድስቱ ወር የሚሠራው ሥራ

አንድ ሰው በቫይረስ በተያዘ ማግሥት ምርመራ ቢያደርግ ውጤቱ «ነፃ ነው» ይላል። ይህም መሣሪያው ስለ ዋሸ አይደለም፤ በደም ውስጥ የሚፈለገው ነገር ገና ለመታየት ስላልበቃ ነው። በሽታው ገብቶ በምርመራ እስኪገለጥ ድረስ ያለውን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች የመስኮት ጊዜ ይሉታል። ለኤች.አይ.ቪ. ዛሬ ካለው ምርመራ ሁሉ ፈጣኑ የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልገው ሲሆን፥ እርሱም በሽታውን የሚያገኘው ከ10 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያዘጋጀውን ፀረ አካል ብቻ የሚፈልገው ምርመራ ደግሞ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት በመስከረም 1 ቀን በቫይረሱ ተያዘ እንበል። ሕመም አልተሰማውም። በመስከረም 6 ቀን ወደ ዘር ባንክ ሄዶ ደሙን ሰጠ፤ ዘሩንም ሰጠ። የደሙ ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። ዘሩ በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ የሲድኒው ታሪክ በተደገመ ነበር። ነገር ግን ዘሩ በናይትሮጅን ውስጥ ተለይቶ ተቀመጠ። መጋቢት 6 ቀን ወጣቱ ተመልሶ ሲመረመር ቫይረሱ በግልጽ ታየ። ዘሩ ተወገደ፤ አንዲትም ሴት አልተጐዳችም፤ ወጣቱም ሕመሙን ቀድሞ ስላወቀ ሕክምናውን ጀመረ። እንግዲህ ስድስቱ ወር በከንቱ ያለፈ ጊዜ አይደለም። ላቦራቶሪው በመጀመሪያው ቀን ሊያየው ያልቻለውን ነገር ጊዜ ገለጠው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ምን ምን ይመረመራል?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያወጣው ደንብ ከግንቦት ወር 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። በዚህ ደንብ መሠረት ዘር ለጋሽ በሦስት በር ያልፋል።

የመጀመሪያው በር ጥያቄ ነው። ስለ ቀድሞ ሕመሙ፥ ስለ ግንኙነቱ፥ በመርፌ ዕፅ ስለ መውሰዱና ስለ መሳሰለው ሁሉ ይጠየቃል። ሁለተኛው በር የአካል ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ቍስል፥ ያበጠ ንፍፊት፥ የዓይን ቢጫነትና የመርፌ ጠባሳ እንዳለ ያያል። ሦስተኛው በር ላቦራቶሪ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ዘሩ በተሰጠበት ቀን ወይም ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት 7 ቀኖች ውስጥ መሆን አለበት። ኤች.አይ.ቪ.፥ የጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፥ ቂጥኝ፥ ጨብጥና ክላሚዲያ ይመረመራሉ፤ እንዲሁም ኤች.ቲ.ኤል.ቪ. እና ሲ.ኤም.ቪ. የሚባሉ ሌሎች ቫይረሶች ይፈለጋሉ። ማንነቱ ለተቀባይዋ የማይገለጥ ለጋሽ ከሆነ ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይመረመራል። ለባልና ሚስት ግን ይህ ግዴታ የለም፤ አብረው የሚኖሩ ናቸውና።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ ሥርዓት ደንግጓል። ዘሩ ቢያንስ 180 ቀን እንዲቈይና ለጋሹ እንዲደገም ያዛል፤ ሆኖም የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ ዘሩ በተሰጠበት ጊዜ ከተደረገ መጠበቁ ሊቀር እንደሚችል ይፈቅዳል። ዝርዝሩም አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዚካ የሚባለው ቫይረስ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ በተዛመተ ጊዜ፥ ወንዶች ቫይረሱን በዘራቸው እንደሚያስተላልፉ ስለ ታወቀ፥ በሽታው ወዳለበት አገር ሄዶ የነበረ ሰው 6 ወር ሳይሞላው እንዳይለግስ የአሜሪካው ባለሥልጣን አሳስቦ ነበር።

ምናልባት «ኤድስስ ከባድ ነው፤ ክላሚዲያና ጨብጥ ግን በመድኃኒት የሚድኑ አይደሉምን?» ይሉ ይሆናል። በርግጥ ይድናሉ። ነገር ግን የታወቁ እንደ ሆነ ነው። ክላሚዲያ የያዛቸው ብዙ ሴቶችና ወንዶች አንድም ምልክት አያዩም። በሽታው ሳይታከም በሴት አካል ውስጥ ከቈየ የማሕፀን ቱቦዎችን አቍስሎ ሊዘጋቸው ይችላል፤ ጨብጥም እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ ያስቡት፤ ልጅ ለማግኘት የመጣች ሴት ከተሰጣት ዘር የተነሣ መካን ሆና ልትመለስ ትችላለች ማለት ነው። ቂጥኝ ደግሞ ፅንስን ያስወርዳል፥ ወይም ልጁን ሞቶ እንዲወለድ ያደርጋል። የጉበት በሽታ ቢ ሲወለዱ የያዛቸው ሕፃናት፥ ካልተከተቡ፥ ከ10ሩ 9ኙ ያህል በሽታው ለዘለቄታው አብሯቸው ይኖራል። ለጋሽን መመርመር ሁለት ሰው ማዳን ነው፤ እናቲቱንና ገና ያልተጸነሰውን ልጅ።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በአገራችን ይህ ጥበብ በሰው ላይ እምብዛም የተለመደ አይደለም። በከብት እርባታ ግን ከብዙ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቃሊቲ ካለው ማዕከል የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን እየተያዘ ለገበሬው ላም ሲላክ ኖሯል። ዘር የሚወሰድበት ኮርማም ወደ ማዕከል ከመግባቱ በፊት ተለይቶ እየቈየ የውርጃ በሽታንና ሌሎችንም በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች እንዲመረመር የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ያዛል። የአንድ ኮርማ ዘር ለብዙ መቶ ላሞች ይዳረሳልና፥ የአንዱ በሽታ የመንጋው በሽታ ይሆናል። የሰውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ በሲድኒ 8 ሴቶች ዘር የተቀበሉት ከአንድ ሰው ነበር።

ከዚህ ይልቅ ወደ እርስዎ የሚቀርበው የደም ልገሳ ነው። በደም ባንካችን የተለገሰ ደም ለኤች.አይ.ቪ.፥ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፥ ለቂጥኝም ይመረመራል። ነገር ግን በዘርና በደም መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ዘር 6 ወር ሊጠብቅ ይችላል፤ የደም ቀይ ሕዋሳት ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቈዩት። ስለዚህ ደም ሰጪውን 6 ወር ጠብቆ እንደገና መመርመር አይቻልም። በመስኮቱ ጊዜ ውስጥ ያለን በሽታ ሊያስቀር የሚችለው፥ ከመርፌው በፊት በሚሞላው ወረቀት ላይ ሰጪው የሚጽፈው እውነት ነው። ወረቀቱን ሲሞሉ ከጎንዎ የቆመው የቢሮ ባልደረባዎ እንዳያይብዎ ብለው «የለም» የሚል ምልክት ቢያደርጉ፥ ያ ምልክት በአንዲት ወላድ ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከተጠራጠሩ በዚያ ቀን አለመስጠት ነውር አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን መድኃኒት የሚያጣው ደባቂው ብቻ አይደለም።

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶችም ይህን ማወቅ ይገባቸዋል። የዘር ባንኮች ቢሮአቸውን በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ መክፈት ይወዳሉ፤ ለተማሪ ኪስ የሚሆን ገንዘብም ይከፍላሉ። ወደዚያ ለመሄድና ላለመሄድ መወሰን የራስ ነው። የሄደ ግን ስድስት ወር ቈይቶ ለሁለተኛው ምርመራ ካልተመለሰ የመጀመሪያው ምርመራ ግማሽ ሥራ ሆኖ እንደሚቀር ይወቅ።

ከሁሉ የሚያስፈራው መንገድ ደግሞ ከሐኪም ቤት ውጭ ያለው ነው። ዛሬ በውጭ አገር የባንኩ ዋጋ የከበዳቸው ሰዎች በኢንተርኔት ከማያውቁት ወንድ ጋራ ተስማምተው ትኩስ ዘር በቤታቸው ይቀበላሉ። ሰውየው የምርመራ ወረቀት ያሳይ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን የሚመሰክረው ደሙ እስከ ተወሰደበት ቀን ድረስ ላለው ነገር እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ላለው ደግሞ ምንም አያውቅም። ከ1884ቱ የፊላዴልፊያ ሰዎች የተሻለ ጥንቃቄ አደረጉ ለማለት አይቻልም፤ መልኩን አይተው አምነውታልና።

በመጨረሻ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእርስዎ ወይም በዘመድዎ ላይ የመጣ እንደ ሆነ አራት ነገር ይጠይቁ። ለጋሹ ለየትኞቹ በሽታዎች ተመረመረ? ምርመራው የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ነው ወይስ ፀረ አካልን ብቻ? ዘሩ ስንት ወር ተለይቶ ቈየ? ለጋሹስ ተመልሶ መጥቶ ተመርምሯልን? እነዚህን ጥያቄዎች ሲጠይቁ የሚቈጣ ሐኪም ቢገጥምዎ ወደ ሌላ ይሂዱ። በሲድኒ ያሉት ሴቶች እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ዕድል አላገኙም ነበር፤ መልሱን በዚያ ጊዜ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ዛሬ ግን መልሱ አለ።